የቬንዴል ቀለበቶች

«የፈለጉትን ይበሉ፣ እኔ በዚህ ላይ መዳብ አልጠመጥምም» አለች ኦርሾያ። «ኢንጂነር ሳላይ በሲባጎ ይታሰር ነው ያሉት። ብረት የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም።»

«ሲባጎ ለጆንያ ነው» አለ አባቷ።

«ታዲያ ከቪየና ሲመለሱ ይንገሯቸዋ።»

«እነግራቸዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ሥራው አልቆ ነው የሚያዩት።»

በመጠምጠሚያው ክፍል ያሉት ሴቶች እጃቸውን ከሥራው ሳያነሱ ጆሯቸውን ወደ አባትና ልጅ ጥለዋል። በሁለቱ መካከል፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ያጣላቸው ነገር ተቀምጧል፤ ከቀጫጭን የብረት ሽቦ ተጠቅልሎ የተሠራ፣ ውፍረቱ የሰው ጭን የሚያህል ትልቅ ክብ። አባቷ ቬንዴል ከጠዋት ጀምሮ ይህን ክብ ነዶ እንደሚታሰር እዚህም እዚያም በትናንሽ የብረት ቀለበቶች ሲያስር ነው የዋለው። እያንዳንዱን ቀለበት በሽቦዎቹ ላይ አጥፎ፣ ጫፍና ጫፉን አነባብሮ፣ በጋለ ምስማር ሰፍቶ፣ ምስማሩ ሲበርድ እየተኮማተረ እንዲጨምቀው አድርጎታል። ከዚያም መገጣጠሚያውን በብየዳ አሽጎ በሞረድ አለስልሶታል። ጥፍር ቢሄድበት የሚያደናቅፈው ነገር አልነበረም።

ከወንዙ ወዲህ፣ ቡዳ በሚባለው የከተማው ክፍል ባለው በዚህ ፋብሪካ ቬንዴል ጢም ሳያበቅል ጀምሮ የሠራው አንድ ሥራ ነው፤ ለጋሪና ለሠረገላ መንኮራኩር የብረት ዙሪያ መግጠም። ብረቱን ያግላል፣ በእንጨቱ ላይ ያጠልቃል፣ ውሃ ያፈስበታል፤ ብረቱ ሲኮማተር እንጨቱ ይጮኻል፤ ከዚያ ወዲያ መንኮራኩሩ ዕድሜውን ሙሉ ቢንከባለል አይላቀቅም። አሁን ግን በፈረንጆቹ 1885 ጸደይ የመንኮራኩሩ ክፍል ሊዘጋ ነው። ቦታው ለኤሌክትሪክ ሥራ ተፈልጓል። የፋብሪካው ሹም ሃውዘር ቬንዴልን ጠርቶ፣ በአዲሱ ሥራ የሚጠቅምበት ነገር ካገኘ እንደሚያቆየው፣ ካላገኘ ግን ሊረዳው እንደማይችል ነግሮታል። ሥራው ከሄደ በፋብሪካው አጥር ሥር ያለችው ቤትም አብራ ትሄዳለች። ሚስቱ የሞተችው በዚያች ቤት ነው። ሌላ ደጅ ሄዶ ጉልበቱን የሚያሳይበት ዕድሜ ደግሞ አልፎታል።

ስለ አዲሱ ሥራ የገባው ጥቂት ነበር። ዳይናሞ የሚባለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጉልበት ሩቅ ሰፈር ሳይደርስ መንገድ ላይ እንደሚያልቅ፣ በሌላ አገር ያሉ ሰዎችም መዳብ በተጠመጠመበት ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ሞክረው ያሰቡትን ያህል እንዳልሆነላቸው ሲወራ ሰምቷል። ሳላይ ያንን ዘንግ አጥፎ ጫፉን ከጫፉ አገናኘው። በአንዱ የመዳብ ጥምጥም የሚገባው ብርቱ ጉልበት በክቡ ብረት በኩል አልፎ፣ በሌላው ጥምጥም ለአምፖል የሚስማማ ሆኖ ይወጣል። የመጀመሪያው ክብ ያለቀ ዕለት ሳላይ ግቢው ውስጥ ቆሞ ለሠራተኞቹ አስረዳ።

«ዋናው ነገር መዝጋት ነው» አለ። «ብረቱ ክፍተት ካለው ጉልበቱ በዚያ ይባክናል።»

ሌሎቹ የምሳው ደወል እስኪመታ ይጠብቁ ነበር። ቬንዴል ግን ራሱን ነቀነቀ። ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲዘጋ ነው የኖረው። ከኤሌክትሪክ ሰዎች አፍ ከወጣው ሁሉ እንደ ሰው ንግግር የገባው ይህ ብቻ ነበርና፣ ሳላይ ስሙን እንኳ ባያውቀው ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደደው። ክቡ ወጥ ብረት መሆኑ ቀርቶ ቫርኒሽ ከተቀባ ሽቦ የተሠራው ለምን እንደሆነም ሳላይ በዚያው ዕለት ተናግሮ ነበር። ቬንዴል ዝገት እንዳይበላው ነው ብሎ አለፈው።

ሳላይ ለመሣሪያው ረጅም የላቲን ስም አውጥቶለታል፤ ትራንስፎርማቶር ይለዋል። ሠራተኞቹ ግን ቅርጹን አይተው በእሑዱ ክብ ኬክ ስም ኩግሎፍ ይሉታል። የኩግሎፉ ነውር አንድ ብቻ ነበር፤ ጉልበት ሲገባበት ያጉረመርማል። ሽቦዎቹ እየተንቀጠቀጡ፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደታሰረ ተርብ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ሳላይ ጠባዩ ነው፣ በሲባጎ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት ብሎ ለፈጠራው መብት ጉዳይ ወደ ቪየና ሄደ። ሃውዘር ግን እንቅልፍ አጣ። በሚቀጥለው ወር ፋብሪካው ክቡን ለሕዝብ የሚያሳይበት ኤግዚቢሽን ሲከፈት ስንት ባላባት ከነሚስቱ ይመጣል፤ ሴቶቹ ድምፁን ሰምተው ቢሸሹ ማን ሊገዛ ነው? ቬንዴል ይህን ሰምቶ ነው ቢሮው ድረስ ሄዶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ዝም ላሰኘው ያለው።

አሁን ልጁ በሩን እየዘጋችበት ነው። ኦርሾያ የመጠምጠሚያው ክፍል አለቃ ናት። ፋብሪካው ውስጥ እንደ እሷ መዳብ ሳያጥፍና የለበሰውን ጥጥ ሳይልጥ የሚጠመጥም የለም፤ የኤግዚቢሽኑን ሥራ ከእሷ በቀር ማንም እንዳይነካው ሳላይ ራሱ አዟል።

ቬንዴል ወደ እሷ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የተናገረው ለሌሎቹ አልተሰማም። የመንኮራኩሩ ክፍል ምድጃ ሊፈርስ እንደሆነ፣ ሃውዘር ይህን ሥራ አይቶ እንደወደደው፣ ይህ ከከሸፈ ሌላ የሚያሳየው ነገር እንደሌለው ነገራት። መለመን አያውቅበትም ነበርና ንግግሩ ቁጣ ይመስል ነበር።

«ሲመለሱ የሚጠይቁት እኔን ነው» አለች ኦርሾያ።

«እኔ አለሁ አይደል? የሠራሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ስሜን ልጻፍበት እንዴ?»

ከሴቶቹ አንዷ፣ ቦርባላ የምትባለው፣ ከጥግ ሆና «ቬንዴል ባቺ፣ ስምዎን ከጻፉበት እንደ መንኮራኩሩ ይንከባለልብናል» አለች። ባቺ ታላቅ ሰው የሚጠራበት ነው። ሴቶቹ ሳቁ። ኦርሾያ አልሳቀችም፤ ግን መዳቡ ብረቱን እንዳይነካ የሚለብሰውን የጥጥ ጥብጣብ አንስታ የመጀመሪያውን ቀለበት መሸፈን ጀመረች።

ክቡ መዳቡን ለብሶ ሲያልቅ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ፔሽት፣ ወደ ኤግዚቢሽኑ አዳራሽ በጋሪ ተወሰደ። የፋብሪካው የእንፋሎት ሞተር ከነዳይናሞው ተፈታትቶ ወደዚያው ተልኮ ስለነበር አስቀድሞ የሚሞከርበት መንገድ አልነበረም። ሃውዘር በበትሩ መታ መታ አደረገውና እንደ መቃብር ድንጋይ ነው ብሎ ተደሰተ።

ሙከራው ከሰዓት በኋላ ሆነ። አናጺዎች ገና ወለል ይመታሉ፤ ቀለም ቀቢዎች መሰላል ላይ ናቸው። ኦርሾያ በመንገድ የተጫረ ጥጥ ካለ ልትጠግን መጥታ ክቡ አጠገብ ቆማለች። ቬንዴል የተጠራበት ነገር አልነበረም፤ የእሑድ ኮቱን ለብሶ መጥቶ ከምሰሶ ሥር ቆመ። ሞተሩ ተነሳ፣ ማብሪያው ተገፋ፣ በአዳራሹ ማዶ ያሉት አምፖሎች በሩ። ኩግሎፉ ትንፍሽ አላለም።

ሃውዘር ጆሮውን ወደ ክቡ አዘንብሎ አዳመጠ። ከዚያ ቬንዴልን በጣቱ ጠርቶ በሰው ሁሉ ፊት ትከሻውን ያዘው።

«ይህን ተርብ ምን አበላኸው?» አለው።

ቬንዴል ፈገግ እንዳለ የጋለ ብረት ሸተተው። ከማንም አስቀድሞ የሸተተው እሱን ነው። ዞር ብሎ የእንፋሎት ሞተሩን አየ፤ እዚያ ይሆናል አለ። እዚህ እሳት የለም፣ ምድጃ የለም፣ ወናፍ የለም፤ እሳት በሌለበት ብረት ሊግል አይችልም። ይህን እያሰበ ሳለ የሃውዘር እጅ ገና ትከሻው ላይ ነበር፤ እጁ እንዲነሳም አልፈለገም።

ከጥጡ ሥር ቫርኒሹ ቀልጦ እንደ ማር መንጠባጠብ ያዘ። ቀጥሎ ጢስ፣ ከጢሱ በኋላ ነበልባል መጣ። አንድ ሠራተኛ ሮጦ ማብሪያውን ሳበው፤ አምፖሎቹ ጠፉ፤ እሳቱ ግን አልጠፋም። ቀለበቶቹ የያዙትን ሙቀት የሚወስድባቸው አልነበረም። ሰዎች ውሃ፣ አሸዋ እያሉ ሲራወጡ ኦርሾያ በሁለት እጇ የሚነደውን ጥብጣብ ይዛ ትቀድ ጀመር። ከሥር ያለው መዳብ እንዲተርፍላት ነበር፤ ሳምንታት የለፋችበት ነው። የቀለጠው ቫርኒሽ እጇ ላይ ተጣበቀ። ልታራግፈው ስትል አልወርድ አለ፤ የወረደው ደግሞ ብቻውን አልወረደም።

አልጮኸችም። እጆቿን ከፊቷ ዘርግታ፣ የሌላ ሰው ዕቃ ያዥ እንደተባለች ሰው፣ ወዴት እንደምታኖራቸው ጨንቋት ቆመች።

የሆስፒታሉ መነኩሲቶች እጆቿን የተልባ ዘይትና የኖራ ውሃ ቀብተው በጨርቅ ጠቀለሏቸው። ሐኪሙ እጆቿ እንደማይቆረጡ፣ የቀኟ ጣቶች ግን እርስ በርስ ሊጣበቁ እንደሚችሉ፣ ከእንግዲህ ሽቦ የሚይዙ እንዳይመስላቸው ለአባትና ልጅ ነግሮ ሄደ።

ሳላይ ከባቡር ወርዶ በቀጥታ ወደ አዳራሹ መጣ። የተቃጠለውን ጥጥ አስነስቶ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ። ብረታቸው ሰማያዊ ሆኗል። ቬንዴል ከኋላው ቆሟል፤ ያ ቀለም ብረት ምን ያህል ሲግል እንደሚመጣ ከሳላይ ይልቅ እሱ ያውቃል።

«ይህን የሠራው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። የተዘጋ ነው።»

«አያለሁ» አለ ሳላይ። «እጅግ በደንብ ተዘግቷል።»

«እርስዎ ዋናው መዝጋት ነው ብለው ነበር።»

ሳላይ ዘወር ብሎ አየው። ሊቆጣ የነበረ ፊቱ ቀስ እያለ ሌላ ነገር ሆነ።

«ክቡ ይዘጋል» አለ። «ክቡን የሚያቅፈው ነገር ግን መከፈት አለበት። የእርስዎ ቀለበት ራሱ ጥምጥም ሆኗል፤ አንድ ዙር ብቻ ያለው ጥምጥም። የገባበትን ጉልበት የሚልክበት አምፖል ስለሌለው ሁሉን እሳት አደረገው። ጫፉና ጫፉ እንዳይነካካ፣ የጫማ ቆዳ የሚያህል ክፍተት ቢተዉለት ምንም አይሆንም ነበር።»

«ክፍተት» አለ ቬንዴል።

«የቆዳ ያህል።»

ቬንዴል በሙያው ያልተዘጋ ቀለበት ካወጣ ጌታው ያንኑ ቀለበት በአንገቱ አስሮ በግቢው ያዞረው ነበር፤ ልጅ እያለ አንድ ጊዜ ደርሶበታል። ይህን ለሳላይ አልነገረውም። ሳላይም በሲባጎ እሰሩት ያለበትን ምክንያት አስቀድሞ ለምን እንዳልተናገረ አላነሳም። መክፈቻው ቀን ቀርቧል፣ አዲስ ክብ መሠራት አለበት።

በማግስቱ የፋብሪካው ባለቤቶች ተሰብስበው የቃጠሎውን ምክንያት ጠየቁ። ቬንዴልም ተጠርቶ በሩ አጠገብ ቆመ። ሳላይ የሽፋኑ ጥጥ እንደነደደ ተናገረ፤ ይህ እውነት ነው። ቀለበቱን አላነሳም። በቪየና ገና ያልጸደቀ ፈጠራ በእጁ እያለ፣ መሣሪያው በገዛ ብረቱ እሳት ይፈጥራል የሚል ወሬ በከተማው እንዲዞር አልፈለገም። ሃውዘር ከዚያ ቀጠለ። ቀለበቱን የፈቀደው እሱ ነውና ቃሉን ተጠንቅቆ መረጠ፤ ሴቶቹ ለኤግዚቢሽኑ ተጣድፈው ጥጡን ሳያሳሱት አልቀሩም፣ የክፍሉ አለቃም ብትሆን በጥድፊያው ጊዜ ዓይኗ ሁሉ ቦታ ሊደርስ አይችልም አለ። በክፋት የተናገረው አይመስልም ነበር፤ እያዘነላት የሚያወራ ይመስል ነበር።

ከባለቤቶቹ አንዱ፣ ጺሙን በሰም ያሾለ ሽማግሌ፣ ወደ ቬንዴል ዞረ።

«አንተ እዚያ ነበርክ። ጥጡ ሲጠመጠም እንከን አይተህበታል?»

ሃውዘር ወደ ቬንዴል አልተመለከተም። በመስኮቱ የመንኮራኩሩ ክፍል ጣሪያ ይታይ ነበር፤ ጡቡን ማውረድ ጀምረዋል። ከወዲህ በኩል የራሱ ቤት ጭስ መውጫ አለ።

«የሴቶቹን ሥራ እኔ አላውቀውም፣ ጌታዬ» አለ ቬንዴል።

ሽማግሌው ራሱን ነቅንቆ ወደሌላ ጉዳይ አለፈ።

ኦርሾያ ከሥራ ተሰናበተች፤ እጇም ስለማይሠራ ስንብቱ ለብዙዎች ጭካኔ ሆኖ አልታየም። ቬንዴል ግን ቀረ። ሳላይ ለአዲሱ ክብ ቀለበቶች እንዲሠራለት ጠየቀው፤ ጫፎቻቸው የማይገናኙ፣ በመካከላቸው ቆዳ የገባባቸው፣ የሚያስራቸው ብሎንም ብረቱን እንዳይነካ በቆዳ የተጠቀለለ። በኤሌክትሪኩ ክፍል ጥግ ምድጃ ተሰጠው። የመጀመሪያውን ቀለበት አጥፎ ጫፎቹን አፋጥጦ ሲተዋቸው እጁ እምቢ አለው። ሳያስበው መዶሻውን አንስቶ ዘጋው። ከዚያ በመሮ ቆርጦ እንደገና ከፈተው።

ማታ ማታ ልጁን ያበላታል። የባቄላ ሾርባ በማንኪያ፣ ዳቦ በዝይ ስብ ቀብቶ በትንሽ በትንሹ። ኦርሾያ አፏን ትከፍታለች፣ ትውጣለች፣ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ታደርጋለች። በስብሰባው ላይ እሱ የመለሰውን አልነገራትም፤ ጥጡ ሳስቷል ያለው ሃውዘር እንደሆነ ብቻ ነግሯታል። እሷም ሃውዘርን ረገመች፤ ቬንዴልም አብሮ ረገመ።

ከመክፈቻው በፊት ባለው እሑድ ቦርባላ ልትጠይቃት መጣች። ቬንዴል ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በር ላይ ተገናኙ። ቦርባላ ሌላ ጊዜ የማታጣው ቀልድ ጠፍቶባት፣ ሰላም ብላው ብቻ አለፈች። የባለቤቶቹን መሰብሰቢያ ክፍል የምታጸዳው እህቷ መሆኗን ቬንዴል ያስታወሰው ያን ጊዜ ነው።

ሾርባውን አሙቆ ከልጁ ፊት ተቀመጠ። ማንኪያውን ሲዘረጋላት አፏን አልከፈተችም።

«አባባ» አለች፤ ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። «ክረምቱን ሙሉ በዚህ ጠረጴዛ ጥጡን ስለማመድ ጥቅሉን የያዘልኝ ማነው?»

ቬንዴል ማንኪያውን ወደ ሳህኑ መለሰ።

«እጅዎ እንዳይዝል በጉልበትዎ መካከል ያደርጉት ነበር። ላላ ሲል ላላ ይሉኝ ነበር። ሥራችንን አያውቁትም?»

«ቤቱን ብዬ ነው» አለ ቬንዴል። «የት እንውደቅ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

እሷም ይህን እንደጠበቀች ሁሉ ራሷን ዝቅ አደረገችና አፏን ከፈተች። ቬንዴል አበላት። ሲነሳ፣ ማታ ሲተኛ፣ በማግስቱ ጠዋት ሲወጣም ሌላ ቃል አላወጣችም፤ እሱም የተረሳ መሰለው፣ ወይም እንዲመስለው ፈለገ።

በመክፈቻው ቀን አመሻሽ ላይ አዳራሹ በሰው ተጨናነቀ። ቬንዴል፣ ምናልባት ብሎኑ ቢላላ ተብሎ፣ ከክቡ ኋላ በመጋረጃ ተከልሎ እንዲቆም ታዟል። አምፖሎቹ ሲበሩ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ፤ ከዚያ ጭብጨባው ሆነ። መጋረጃው ማዶ ሃውዘር ለአንዲት እመቤት ክቡ ምንም ድምፅ እንደሌለው ሲያስረዳ ይሰማዋል። ቬንዴል መዳፉን አንዱ ቀለበት ላይ ጫነ። ብረቱ ለብ ያለ ነበር፣ ገና ከምድጃ ወጥቶ እንደቆየ ዳቦ። ጣቱን ወደ ክፍተቱ አንሸራተተ፤ ቆዳው በቦታው አለ። እንደዚያ እጁን እንደጫነ ቆየ። ከአዳራሹ የሚመጣው ጫጫታ ጥሩ ስሜት ሰጠው። ወደ ቤት ሲመለስ ለኦርሾያ በፔሽት የሚሸጠውን የለውዝ ጣፋጭ ገዝቶላት እንደሚሄድ፣ እየቆረሰ እንደሚያጎርሳት አሰበ።

በዚያው ሰዓት በቡዳ በኩል በላይኛው ወንዝ ወዳለችው ቫትስ የምትሄደው ጀልባ ለመነሳት ደወል እያሰማች ነበር። ከላይኛው ወንዝ መንደሮች መብራቱን ለማየት የመጣው ሰው ከእሷ እየወረደ ወደ ድልድዩ ይጣደፋል። ኦርሾያ በዚህ ሕዝብ መካከል በተቃራኒው ሄደች። የእናቷ እህት ቫትስ ትኖራለች። ቅርጫቷን ክንዷ ላይ አንጠልጥላለች፤ በጨርቅ የተጠቀለሉትን እጆቿን ሰው እንዳይገፋቸው ደረቷ ላይ ይዛቸዋለች። ከቤት ስትወጣ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ነበር፤ መልሳ ልትዘጋው ግን አልቻለችም።

ትኬቱን በመስኮቱ የሚሸጠው ሰው ጠርዙን በከንፈሯ መካከል አድርጎላት ነበር። ጀልባዋ መግቢያ ላይ ስትደርስ የሚቀበለው ሰው ትኬቱን ከአፏ ወሰደ፤ ፊቷን ግን አላየም። ዓይኑ ከእሷ ኋላ ወዳለው ሰው ነበር።

«እስካሁን አብርተውት ይሆን?» ይለዋል።

ሰውየው እንጃ፣ አብርተውት መሆን አለበት አለ። ኦርሾያ በመካከላቸው አልፋ ገባች።